ታምቡር ፍሬን ስህተት አልነበረም

የመኪና ታሪክ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ አንድ ቁጭት አለ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ታምቡር ፍሬኑን ይዞ ብቅ ያለውም በዚያው ዓመት። ዓለም የተከተለው ሬኖን ነው። ታምቡር ግን ሙቀቱን በሆዱ አምቆ የሚይዝ ዕቃ ስለሆነ፣ መኪና ሠሪዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት በከንቱ አባክነዋል የሚሉ አሉ። ፍርዱ ችኩል ይመስለኛል። የዚያን ዘመን መንገድና የዚያን ዘመን የፍሬን ሸራ ላየ ሰው ታምቡሩን መምረጥ ትክክል ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ባለመኪኖች ከግለቱ እኩል ያስቸገራቸው የፍሬኑ ቶሎ ማለቅ ነው። በርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ከማንሃይም ወደ ፕፎርትስሃይም ስትጓዝ ፍሬኗ በቁልቁለቱ እየተበላ ስላስቸገራት፣ መንገድ ላይ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። ቆዳ ደግሞ ሲግል ያራል። የፌሮዶ ኩባንያ መሥራች ኸርበርት ፍሩድ በእንግሊዝ ደርቢሸር በማጣበቂያ የተነከረ ጥጥ ሞከረ፤ ጥጡም ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ አስቤስቶስ ዞረ። አስቤስቶስ እሳት አይፈራም፤ ሳንባ የሚጎዳ መሆኑ ኋላ የመጣ ሌላ መከራ ነው። ሸራዎቹ ሁሉ ግን የጋራ ጠላት ነበራቸው። አስፋልት ብርቅ በነበረበት ዘመን ከጎማው የሚረጨው አሸዋና ጭቃ በሸራውና በብረቱ መካከል ገብቶ ሁለቱንም ይፈጫል። ሸራውን በብረት ግድግዳ ውስጥ የከተተው ንድፍ ያተረፈው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ፣ በትክክል የተተከለውን ሸራ ታምቡሩ በራሱ መሽከርከር ስቦ ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ያለ ሃይድሮሊክ፣ በዘንግና በሽቦ ብቻ፣ የአንድ ሰው እግር ከባድ መኪና ሊያቆም ቻለ።

ዋጋው ሙቀት ነው፤ ይህ አይካድም። «ያኔ መኪኖች ቀርፋፋ ስለነበሩ ግለት ችግር አልነበረም» የሚለው መከላከያም አያስኬድም፤ ቁልቁለት የሞተር ጉልበት አይጠይቅም። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ቢወርድ፣ ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሮጡ 35 ጊዜ ከመቆም ጋር ይተካከላል። አስቤስቶስ ሙቀት በቀላሉ ስለማያሳልፍ አብዛኛው ግለት ወደ ብረቱ ይሄዳል። ብረቱ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሸራውም ከመጠን በላይ ሲግል መንከስ ያቆማል። በከባድ ማርሽ መውረድ የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር። መሐንዲሶቹም ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው ሂስፓኖ ስዊዛ ኤች 6 በአራቱም ጎማዎች ላይ ፍሬን ስለነበረው ሙቀቱን ለአራት አከፋፈለው፤ ታምቡሮቹም ከውስጥ ብረት የተለበጡ፣ ሙቀት ቶሎ የሚያወጡ አሉሚኒየም ነበሩ። ከ1921 ጀምሮ ዱዘንበርግ ያስገባው ሃይድሮሊክ ግፊቱን ስላመጣጠነ አንዱ ታምቡር ለብቻው የሚቃጠልበትን ዕድል ቀነሰ። የ1924ቱ ቡጋቲ 35 ደግሞ ታምቡሩን ከአሉሚኒየም ቸርኬው ጋር አንድ አደረገው፤ ጎማው ሲፈታ ታምቡሩ አብሮ ይወጣል፣ የሸራው መበላትም ወዲያው ይታያል። ለእኔ ከሁሉም ብልሁ ይህ ነው።

የላንቸስተር ዲስክ ይህን ሁሉ ድካም አያስቀርም ነበር? አያስቀርም። ለአቧራ የተጋለጠ ነበር፤ የመዳብ ሸራው በዲስኩ ላይ ሲፋተግ ያንቋርራል፤ ራሱን የሚያግዝበት መንገድ ስለሌለውም ከሹፌሩ እግር በላይ ኃይል ይፈልጋል። ጃጓር ሲ ታይፕ በደንሎፕ ዲስኮች የሌማንን የመኪና ውድድር ባሸነፈበት በ1953 አስፋልቱም፣ ሃይድሮሊኩም፣ የተሻለው ሸራም ተዘጋጅተው ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአርን በታምቡር ወደ ሌማን ልኮ፣ ፍሬኑን የሚያግዝ ነፋስ የሚገታ ክዳን ከሹፌሩ ጀርባ ለመትከል ተገደደ። ዘገየ ተብሎ የሚወቀስ ካለ የ1955ቱን መርሴዲስ ውቀሱ፤ ሬኖን ግን ተዉት።