የዲስክ ምስልና የቪዲዮ ፎልደር፤ ስለ ዲቪዲ አቀማመጥ አጭር ታሪክ

አንድ የፊልም ዲቪዲ በኮምፒዩተር ቢከፈት ብዙውን ጊዜ ሁለት ፎልደሮች ይታያሉ። አንደኛው፥ «ኦዲዮ_ቲኤስ» የሚባለው፥ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ሁለተኛው «ቪዲዮ_ቲኤስ» ግን ፊልሙን በሙሉ ይዟል። ያው ዲቪዲ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በስሙ መጨረሻ «አይ.ኤስ.ኦ.» የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ትልቅ ፋይል ሆኖ ይገኛል፤ ይህም የዲስክ ምስል ወይም ኢሜጅ ይባላል። ሁለቱም የያዙት አንድ ፊልም ከሆነ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ጥያቄው የባለ ሱቆች ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የሽማግሌዎችን ቃል በዲስክ ለሚሰበስብ የታሪክ ተማሪ የምንጭ አጠባበቅ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1982 ለገበያ የወጣው የሙዚቃ ሲዲ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ድምፁ ከመካከል ወደ ዳር በሚሄድ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ተከታትሎ ይቀመጣል። ሲዲው የኮምፒዩተር መረጃ መያዣ መሆን በጀመረ ጊዜ ግን ኩባንያዎች መረጃውን በየራሳቸው ሥርዓት ያስቀምጡ ስለ ነበረ፥ ለአንዱ ማሽን የተዘጋጀው ዲስክ በሌላው አይነበብም ነበር። ስለዚህ በ1985 የኩባንያ ተወካዮች በአሜሪካ በታሆ ሐይቅ አጠገብ ሃይ ሲየራ በተባለ ሆቴል ተሰብስበው ስለ አንድ የጋራ ሥርዓት ተመካከሩ። ሐሳባቸውም ተሻሽሎ በ1988 «አይ.ኤስ.ኦ. 9660» የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። የዲስክ ምስል እስከ ዛሬ «አይ.ኤስ.ኦ.» የሚባለው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ዲቪዲም የተወለደው በዕርቅ ነው። ቶሺባና ተባባሪዎቹ በአንድ ወገን፥ ሶኒና ፊሊፕስ በሌላው ወገን ሆነው የማይስማሙ ሁለት ዲስኮች አዘጋጅተው ሳለ፥ የቪዲዮ ካሴቱ ፉክክር እንዳይደገም የኮምፒዩተር ኩባንያዎች፥ ከእነርሱም ዋናው አይ.ቢ.ኤም.፥ ስለ ገፋፉአቸው በ1995 ተስማሙ። ዲስኩ በ1996 መጨረሻ በጃፓን፥ በ1997 በአሜሪካ ለሽያጭ ቀረበ። የዲቪዲ ፊልም ማውጫው በሁለት ሥርዓት ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱ ዩ.ዲ.ኤፍ. የተባለው አዲሱ፥ ሌላው አዲሱን ለማያውቁ ኮምፒዩተሮች የቀረው 9660 ነው።

አሁን ወደ «ቪዲዮ_ቲኤስ» ውስጥ እንግባ። በዚያ የሚገኙት ፋይሎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ቪ.ኦ.ቢ. የተባሉት ሥዕሉንና ድምፁን ይይዛሉ፤ አንዱ ፋይል ከ1 ጊጋባይት አይበልጥም። አይ.ኤፍ.ኦ. የተባሉት ትንንሾች ግን መሪዎች ናቸው፤ የትኛው ክፍል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚታይ፥ በየትኛው ሴክተር እንደሚጀምር የሚናገሩ እነርሱ ናቸው። ቢ.ዩ.ፒ. ደግሞ የመሪው ግልባጭ ነው። ዲስኩን የነደፉት ሰዎች በዚህ ላይ በጣም ተጠንቅቀዋል። ዲቪዲ ስሕተቱን የሚያርመው 16 ሴክተር፥ ማለትም 32 ኪሎባይት በአንድነት እየያዘ ስለ ሆነ፥ አንድ ጭረት መሪውንና ግልባጩን አብሮ እንዳያጠፋ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዳይውሉ ደነገጉ። ስለዚህ አይ.ኤፍ.ኦ. ይቀድማል፤ ቪ.ኦ.ቢ.ዎቹ ይከተላሉ፤ ቢ.ዩ.ፒ. መጨረሻ ይሆናል። ፋይሎቹ በላቲን ፊደል ተራ ቢደረደሩ ግን «ቢ» ከ«አይ» ይቀድማልና ግልባጩ ከመሪው ጎን ይቀመጣል፤ ጥንቃቄውም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ፎልደሩ ይዘቱን እንጂ ቦታውን አይጠብቅም፤ ጥራዙ እንደ ተፈታ የብራና መጽሐፍ ነው። ቅጠሉ ሁሉ ቢኖርም መልሶ የሚጠርዘው ሰው ተራውን ማወቅ አለበት። የዲቪዲን ሥርዓት የሚያውቅ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ተራ የመረጃ ዲስክ የሚጽፍ ፕሮግራም ግን ላያደርግ ይችላል። የዲስክ ምስል ግን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው፥ 2,048 ባይት በ2,048 ባይት እያነበበ ባዶውን ቦታ ጭምር እንዳለ ይገለብጣል።

ይህን ያወቅሁት በኪሳራ ነው። ካረፈ ዘመዴ ጋር በሁለት ቀን የተደረገ ቃለ ምልልስ በዲቪዲ ተቀድቶ በቤታችን ይገኝ ነበር። ዲስኩ መጫር ሲጀምር የገለበጠው ሰው ትልልቆቹን ቪ.ኦ.ቢ.ዎች ብቻ አስቀርቶ ትንንሾቹን ፋይሎች እንደ ትርፍ ቈጥሮ ጣላቸው። ድምፁ አለ፤ ነገር ግን የክፍሎቹን ተራ የሚነግረን መሪ ስለ ጠፋ፥ ስለ ርስት ክርክሩ የተናገራቸው ሁለት የማይስማሙ ቃሎች የትኛው እንደሚቀድም ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

የተለመዱ ስሕተቶች ሌሎችም አሉ። ምስሉን እንደ ማንኛውም ፋይል በባዶ ዲስክ ላይ የጻፈ ሰው አንድ ፋይል ብቻ የያዘ ዲስክ ያገኛል፤ ኮምፒዩተሩ ያየዋል፥ ዴኩ ግን አያውቀውም። ምስል መጻፍ ያለበት «ኢሜጅ በርን» በሚለው ትእዛዝ ነው፤ ዊንዶውስ ይህን በራሱ ማድረግ የጀመረው በ2009 በወጣው ዊንዶውስ 7 ነው። እንዲሁም «ቪዲዮ_ቲኤስ» በሌላ ፎልደር ውስጥ ከተከተተ ዴኩ ፈልጎ አያገኘውም።

ምስሉም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በዲቪዲ ላይ አንዱ ሴክተር በእውነቱ 2,064 ባይት ሲሆን ምስሉ የሚወስደው 2,048ቱን ብቻ ነው፤ በንግድ ፊልሞች ላይ የሚገኘው የምስጢር ቁልፍም ከሚቀረው ወገን ነው። ደግሞም ፋት32 በተባለው ሥርዓት የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል ስለማይቀበል፥ የሙሉ ዲቪዲ ምስል አይገባበትም፤ ፎልደሩ ግን በፋይል በፋይል ስለ ተከፈለ ይገባል። ብዙ ሰው ፎልደሩን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ቢሆንም ከምስሉ ፎልደሩን በማንኛውም ጊዜ ማውጣት ይቻላል፤ ከፎልደሩ የሚሠራው ምስል ግን የሚጫወት ዲስክ ቢሆንም ያው የመጀመሪያው ዲስክ ነው ለማለት አያስደፍርም። በእጃችን ያሉት የቃለ ምልልስ ዲስኮች እንግዲህ በምስል ቢገለበጡ እመርጣለሁ፤ ይህም ቶሎ ቢሆን ይሻላል፥ ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውምና።