የኢንካ መንገድ
የኢንካ መንገድ በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ወደ ጥንታዊው የማቹ ፒቹ ፍርስራሽ የሚወስድ፣ በአስጎብኚ እየተመሩ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ቀናት የሚያጠናቅቁት የእግር ጉዞ መስመር ነው። ርዝመቱ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ኢንካዎች ግዛታቸውን ለማስተሳሰር ከዘረጉት ሰፊ የመንገድ መረብ አንዱ ክፍል ነው። ከኡሩባምባ ወንዝ ዳር ተነስቶ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የዋርሚዋኙስካ መተላለፊያ ይወጣል፤ ከሁሉም አድካሚው ክፍል ይህ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ተጓዦች አስቀድመው በኩስኮ ከተማ ከከፍታው ጋር ይላመዳሉ። መንገዱ ከመተላለፊያው በኋላ በሩንኩራካይ፣ በሳያክማርካና በዊኛይ ዋይና ፍርስራሾች በኩል አልፎ፣ የፀሐይ በር በሚባለው ኢንቲ ፑንኩ ወደ ማቹ ፒቹ ይዘልቃል። ያለ ፈቃድና ያለ አስጎብኚ መጓዝ ክልክል ነው፤ በቀን የሚፈቀደውም ተሸካሚዎችን ጨምሮ ለ500 ሰዎች ብቻ ነው። መንገዱ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር ለጥገና ይዘጋል።