ሱስንዮስና ሁለቱ መምህራን

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የዐፄ ሱስንዮስን ነገር ላውጋችሁ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው መጨረሻው ነው፤ ንጉሡ ካቶሊክ ሆነ፣ አገር ታመሰ፣ ልጁ ፋሲል ነገሠ ይባልና ያልቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን መካከሉ ነው።

ሱስንዮስ ሞኝ አልነበረም። ልጅ ሳለ ተማርኮ ከኦሮሞዎች ጋር አድጓል፣ ዙፋኑንም ለዓመታት ተዋግቶ ነው የያዘው። ከእሱ በፊት ዐፄ ዘድንግል ወደ ሮም ትምህርት አዘንብሎ በ1604 እ.ኤ.አ. በዓመፀኞች መገደሉንም ያውቃል። አደጋውን እያወቀ ነው የገባበት።

የመጀመሪያው መምህር ፔድሮ ፓኤዝ ይባላል፤ በ1603 የመጣ እስፓኛዊ፣ ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ነው። አማርኛም ግዕዝም ተማረ፤ ጎርጎራ ላይ ለንጉሡ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራ። ከሊቃውንቱ ጋር ይከራከራል፣ ይጠብቃል፣ አይቸኩልም። ንጉሡም ሰማ፣ አከራከረ፣ ከአውሮፓ ወታደር እንዲመጣለትም ተስፋ አደረገ። በ1622 እምነቱን በግልጽ ለወጠ። ወደድንም ጠላንም፣ እስከዚህ ድረስ ያሰበው በገዛ ጭንቅላቱ ነው። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ።

ቀጥሎ ሁለተኛው መምህር፣ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። በ1626 ደንቀዝ ላይ፣ መኳንንቱ ተሰብስበው እያዩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተንበርክኮ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት መታዘዙን በመሐላ አጸና። ከዚያ ወዲያ ክርክር ቀረ፤ ትእዛዝ ብቻ ሆነ። ቄሶች እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፣ ግዝረት ይቅር ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያጠመቀ አንድ ሽማግሌ ቄስ ክህነትህ ክህነት አይደለም ሲባል፣ ነገሩ በእሱ ብቻ አያበቃም። ያጠመቃቸው አልተጠመቁም፤ ያቆረባቸው አልቆረቡም፤ ፈትቶ የቀበራቸው አያቶችም እንዲሁ ባዶ እጃቸውን ሄደዋል ማለት ነው። ገበሬው ስለ ክርስቶስ አንድና ሁለት ባሕርይ የሚደረገውን ክርክር ላያውቅ ይችላል። እናቱ በከንቱ መቀበሯን ሲነግሩት ግን ጦሩን ያነሣል። ሱስንዮስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? የአገሩን ሰው ከሜንዴዝ አብልጦ ያውቅ ነበር። ግን መምህሩ ብሎታል፤ ስለዚህ ዘመተ።

ወለተ ጴጥሮስ የምትባል የመኳንንት ወገን ሴት ግን አስቀድማ እምቢ ብላ ነበር። የንጉሡ ሹም የነበረው ባሏ በኦርቶዶክሱ ጳጳስ በአቡነ ስምዖን መገደል እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ የመኳንንት ኑሮዋን ጥላ መነኮሰች፤ ለእምነቷም ተጋዘች።

ላስታ አመፀ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ጦርነት ሆነና ንጉሡ ድል አደረገ። ከዓመፀኞቹ 8 ሺህ ያህል ሰው እንደወደቀ ይነገራል። ንጉሡ በሬሳው መካከል ሲያልፍ ባለሟሎቹ እውነቱን ነገሩት፤ የወደቁት አረመኔም ባዕድም አይደሉም፣ ትናንት ያንተው ጭፍሮች የነበሩ፣ ወንድሞቻችን ናቸው አሉት። እሱም በገዛ ዓይኑ አየ። በዚያው ዓመት በሰኔ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት ይመለስ ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለቀቀ። ኢየሱሳውያኑ እሱ ራሱ ካቶሊክ ሆኖ እንደሞተ ጽፈዋል። እኔ ይህን አምናለሁ፤ የተወው እምነቱን ሳይሆን ለመምህሩ ሲል ሰው መግደልን ነውና።

ወንድሙ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ግን ሌላ ነው። ለሜንዴዝ ትእዛዝ እንደ እሱ የተጋ መኰንን አልነበረም፤ ስንቱን በጦር እምነቱን አስክዷል። ዘመን ተገልብጦ ፋሲል እምነትህን ካድ ባለው ጊዜ አሻፈረኝ አለ፤ ሹመቱን ተገፈፈ፣ ርስቱን ተነጠቀ፣ ተጋዘ። ሌሎች እምቢ ሲሉት ምን ይሰማቸው እንደነበር ያን ቀን በራሱ ደርሶ አየው።