ሮም ስትነድ መሰንቆ መምታት፤ የአንድ ፈሊጥ ታሪክና የትርጉሙ ችግር

እንግሊዞች ከባዱን ነገር በዋዛ የሚያይ ሰው ሲገጥማቸው «ሮም ስትቃጠል ቫዮሊን ይመታል» ይላሉ። መነሻው በ64 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ሮምን ያጋየው እሳትና ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮን ነው። ታሲተስ እንደ ጻፈው ግን እሳቱ ሲነሣ ኔሮን በአንቲዩም ነበረ፤ የትሮይን ጥፋት ዘፈነ መባሉም ወሬ ነው። ስዌቶኒየስ ይህንኑ ወሬ እንደ እውነት መዘገበው። ቫዮሊን እንኳ የተሠራው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ስለሆነ፥ ኔሮን የሚደረድረው ኪታራ ነበር።

ኪታራ የክራር ዘመድ ነው። ስለዚህ «ክራር» የሚል ተርጓሚ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለታሪኩ ይቀርባል። «መሰንቆ» የሚለውም መሠረት አያጣም፤ በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት የግሪኩ ኪታራ መሰንቆ ተብሎ ተተርጉሟልና። ችግሩ ሌላ ነው። በአገራችን መሰንቆ የያዘው አዝማሪ ቸልተኛውን ጌታ በቅኔ የሚወጋ ነው፤ ቸልተኛው እርሱ ራሱ አይደለም። እንግሊዝኛው ቃል ደግሞ በከንቱ ነገር መነካካትንም ስለሚያመለክት፥ ይህ ዘለፋ በእኛ መሰንቆ ላይ አያርፍም።

ስም ያለ ትርጉም ይሻገራል። የገሊላው ታቦር በደቡብ ጎንደር ደብረ ታቦር፥ በሐዋሳም ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ሆኖ ሲኖር ፍቺ የጠየቀው የለም። ፈሊጥ ግን በተተከለበት አገር ትዝታ ካላገኘ አይጸድቅም።

ለእኛ ትዝታው ድግስ ነው። የወሎን ረሃብ የሚያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ ለሕዝብ አቀረበው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የሥዕሎቹ አቀነባበር ለፖለቲካ የታሰበ እንደ ነበር አይካድም፤ የኔሮንም ወሬ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ይሁንና ይኸው ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ወጪ ሲያከብር፥ ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረሃብ ያልቁ ነበር።

ስለሆነም «ችላ ማለት» እና «ማቃለል» ለዕለት ንግግር ይበቃሉ፤ ነገር ግን የሹሙን በደል አይሸከሙም። ገዢ ሲወቀስ «አገር ሲራብ መደገስ» እንዲባል፥ የኔሮን ስም በግልጽ በተጠቀሰበት ጽሑፍ ብቻ «ሮም ስትነድ ክራር መደርደር» እንዲገባ እንመርጣለን።