ማኅደርና መዝገብ

ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ፣ ጳጉሜንም ስትገባ፣ የአገራችን ሰው ቤቱን የሚጠርግበት፣ ግድግዳውን የሚለስንበት፣ የከረመ ዕቃውን ወደ ፀሐይ አውጥቶ የሚያራግፍበት ልማድ ከጥንት የኖረ ነው። የጽሕፈትን ቤት ማጽዳት፣ ይኸውም ወረቀትን ከወረቀት ለይቶ በየስፍራው ማኖር፣ የራሱ የሆነ ረጅም ታሪክ አለው፤ ይህንንም ታሪክ ዛሬ በየቢሮው የምንጠራቸው ሁለት የግእዝ ቃላት ይዘውት ይገኛሉ። መዝገብ በግእዝ የተደለበ ሀብት፣ የሀብትም ማኖሪያ ነው፤ ማኅደርም ኀደረ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ማደሪያ ማለት ነው። አንድ ሠራተኛ የግል ማኅደሩ ከመዝገብ ቤት እንዲወጣለት ሲያመለክት፣ በአባቶቻችን ቋንቋ ማደሪያው ከግምጃ ቤት እንዲወጣለት መጠየቁ ነው።

የጥንቱ ማኅደር ከቆዳ የተሰፋ ነበር። የብራናው መጽሐፍ በሁለት ገበታ ተጠርዞ፣ በቆዳ ተለብጦ ከተደጎሰ በኋላ በልኩ በተሰፋለት ማኅደር ይገባና፣ አይጥ እንዳይበላው፣ ምስጥ እንዳያገኘው፣ የምድርም እርጥበት እንዳይደርስበት፣ በማንገቻው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ኩላብ ላይ ይሰቀል ነበር። የዚህ ሁሉ ጠባቂ ቄሰ ገበዙ ነው፤ ከመስቀሉ እስከ ጽንሐሑ፣ ከመጎናጸፊያው እስከ መጽሐፉ ያለውን ንዋየ ቅድሳት ሁሉ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ወንጌል ራሱ የመንግሥትና የገዳም መዝገብ ቤት ሆኖ መኖሩ ነው። ንጉሥ ለአንድ ደብር ርስት ወይም ጉልት ሲሰጥ፣ ቃሉ የሚጻፈው በአራቱ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ቢጠፋ ይህን መጽሐፍ የሚጥል እንደሌለ፣ ቃሉንም የሚፍቀው ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንደሚወገዝ ስለሚታወቅ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው፣ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ከሚገኝባቸው አንዱ ነው። ዳኛ ስለ መሬት ክርክር ምስክር ሲሻ ወንጌሉ ከማኅደሩ ወጥቶ ይነበብ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጥ የሰነድ አያያዝ በየትኛው አገር እንደ ነበረ እኔ አላውቅም።

የተሰበሰበ መዝገብ መበተንም እንደሚደርስበት ታሪካችን አልሸሸገም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ያከማቿቸው መጻሕፍት፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዞች ሲያዝ ከሌላው ምርኮ ጋር በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወረዱ፤ 350 ያህሉም ወደ ለንደን ተሻግረው ቀሩ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱ ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ገቢና ወጪ ተብሎ የሚመዘገብበት፣ በራስጌው ቁጥርና ቀን፣ በግርጌው ግልባጭ የሚጻፍበት ሥርዐት እያደር ተስፋፋ። በ1936 ዓ.ም. ሕዝቡ ባጭሩ ወመዘክር የሚለው ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ፤ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም የመሬቱን፣ የግብሩንና የማዕርጉን ሥርዐት ሰብስበው በ1942 ዓ.ም. ዝክረ ነገር ብለው አሳተሙት። ብዙ ጸሐፊ የሚደክምበትን የማስተካከል ሥራ አንድ ሰው በአንድ ጥራዝ እንደ ፈጸመው ባሰብሁ ቁጥር ምስጋናዬ ይበዛል።

ማጽዳትን ከማስወገድ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ግን የኋላ ዘመን ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የሰኔ ማብቂያ፣ ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የዓመቱን ቆጠራ ሲያደርግ ቦታ አጣበበብኝ ያለውን የቆየ ፋይል በኪሎ ሸጦት ኖሮ፣ በዚያው ሰሞን ከአንዲት ቆሎ ሻጭ እናት የተቀበልሁት ጥቅልል ወረቀት የማኅተም ግማሽ ታየበት። ቆሎውን ወደ ኪሴ ገልብጬ ዘረጋሁት፤ አንድ ሰው ያገለገለባቸው ዓመታት ለጡረታው እንዲታሰቡለት የጻፈው ማመልከቻ ነበር። ዳሩ በቆሎው ትኩሳት ወይቧል፤ ፊርማው ግን ደህና ይነበባል። እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

ኮምፒውተር በመጣ ጊዜም ይኸው መከራ በሌላ መልክ ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ለሀና ለለ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥተው ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የባዕድ ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይታይ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዐት በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው 3ኛ እትሙ ፊደላችንን ሲቀበል፣ እያንዳንዱ ቁምፊ ቋሚ ቁጥር፣ ማለት የማይናወጥ ማደሪያ አገኘ። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን አንድ በአንድ መመለስ አለበት፤ እኔም ከጳጉሜን ቀናት አንዱን ለዚህ ሥራ እለያለሁ። ባለፈው ጳጉሜን የከፈትሁት፣ በወጣትነቴ ለሰፈራችን ደብር የጻፍሁት የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ ነበር፤ ትርምሱ ወደ ፊደል ሲመለስ ከሁሉ በላይ የታየኝ መስመር «አንድ ወንጌል፣ ከነማኅደሩ» ይላል።