አጥንቱን የሚጠብቅ ቡችላና የ«አለቃ» አስተሳሰብ ታሪክ

ቡችላ በአጥንቱ ላይ ሆኖ ሲያጉረመርም ጌታውን እንደ ናቀ ተቆጥሮ መገረፉ ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ሳይንሳዊ መልክ የያዘው ግን ሩዶልፍ ሼንከል በባዝል የአራዊት ማቆያ ስለ ተመለከታቸው ተኩላዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ጥናቱን ካሳተመ በኋላ ነበር። ዴቪድ ሚችም እ.ኤ.አ. በ1970 በመጽሐፉ የ«አለቃ ተኩላ»ን ሐሳብ አስፋፋ፤ በአሜሪካ የኒው ስኬት መነኮሳት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት መጽሐፍ አጥፊውን ውሻ በጀርባው ገልብጦ መያዝን አስተማሩ።

ይሁን እንጂ የሼንከል ተኩላዎች በአጥር የታጎሩ ነበሩ። ሚች ራሱ በካናዳ፥ በኤልስሚር ደሴት በነጻ የሚኖሩትን ለብዙ በጋ ከተከታተለ በኋላ፥ መንጋው እናት፥ አባትና ልጆች ያሉበት ቤተ ሰብ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1999 ገለጸ፤ ዝቅተኛው ተኩላ እንኳ በአፉ አጠገብ ያለውን ምግብ ከበላዩ እንደሚከላከልም አስረዳ። መነኮሳቱም እ.ኤ.አ. በ2002 ምክራቸውን ሻሩ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ምግቡን የሚጠብቅ ቡችላ የሚፈራው መነጠቅን መሆኑን ነው። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ዝም ቢሰኝ ፍርሃቱ ሳይለቀው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ይተዋል፤ ኋላም ድንገት ይነክሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚነከሰውም ሕፃን ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሳሕኑን ከመንጠቅ ይልቅ፥ ቡችላው ሳይቆጣ ከሚታገሥበት ርቀት ቁራጭ ሥጋ እየወረወረለት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይቅረብ፤ ቡችላውም የሰው መምጣት የተሻለ ምግብ እንደሚያመጣለት ይለምዳል። ሕፃናትም ከሚበላ ውሻ ይራቁ። ይህን ምክር በመጀመሪያው የክትባት ቀን መስጠት የእኛ የእንስሳት ሐኪሞች ፋንታ ነው።