የአቋም ከፍታ፦ ከኋላ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ መኪና እንዴት ይመረመራል?

ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን የቆመ ሚኒባስ ከኋላ ሲታይ አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ፍርዱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይሰጣል፤ ባሌስትራው ደክሟል ይባልና ባሌስትራው ይፈታል። ባለመኪናው ገንዘቡን ከፍሎ ሲወጣ ግን መኪናው እንዳዘመመ ሊቀር ይችላል። ስህተቱ የሚጀምረው መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ አካሉ ምን ያህል እንደወረደ፣ ከየት እስከ የት እንደተለካ የጠየቀ የለም። አምራቾች ይህን ልክ «ራይድ ሃይት» ይሉታል። በአማርኛ «የአቋም ከፍታ» ብንለው ይስማማዋል፤ መኪናው ባዶውን፣ የጎማዎቹ ንፋስ ተስተካክሎ፣ ደልዳላ መሬት ላይ በገዛ ክብደቱ አርፎ ሲቆም አካሉ የሚይዘው ከፍታ ማለት ነው። ከመኪናው ሆድ እስከ መሬት ካለው ክፍተት ጋር መምታታት የለበትም። ያ ክፍተት ድንጋይ ይነካን ይሆን ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ የአቋም ከፍታ ግን ሞላው፣ ባሌስትራውና ጎሚኒዎቹ አካሉን የት ላይ ተሸክመው እንደያዙት ይናገራል።

ለመለካት አንድ ሜትር ይበቃል። በአራቱም ጎማዎች ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለካና ይጻፋል፤ ቀጥሎ ከመሬት እስከዚያው ጠርዝ ይለካል። የግራና የቀኙ ልዩነት ከመሬት ሲለካ ታይቶ ከቸርኬው መሃል ሲለካ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ንፋሱ ጎድሏል፣ ወይም ሁለቱ ጎማዎች በመጠን ወይም በመበላት ይለያያሉ። በሁለቱም ልኬት ከታየ ምርመራው ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ፓራፋንጎው ተጋጭቶ የተቀጠቀጠ ከሆነም ከሻንሲው እስከ አክስሉ በመለካት ይጣራል። ቦታው ራሱ ዓይንን ያታልላል። አስፋልት ውሃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። ዝንባሌው 2.5 በመቶ ቢሆን፣ በግራና በቀኝ ጎማው መካከል 1.5 ሜትር ባለው መኪና ሥር የመሬቱ ልዩነት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። መንገድ ዳር የቆመ ጤነኛ መኪናም ያዘመመ ይመስላል ማለት ነው። ፖርቶመጋላው ላይ የተጫነ ጤፍ መውረድ አለበት፤ ነዳጁም መታሰብ አለበት፤ 50 ሊትር ናፍጣ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ታንከሩም ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የሚቀረው ልዩነት የመኪናው የጥገና መመሪያ ከሚፈቅደው ካልበለጠ ይታለፋል።

ልዩነቱ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝም ጥፋተኛው የግድ ዝቅ ያለው ጎን አይደለም። አራቱ ጎማዎች በአንድ አካል የተያያዙ ናቸው፤ የፊት ግራው ሞላ ከደከመ ክብደት ወደ ኋላ ግራው ስለሚዞር እሱም ይወርዳል። ይህን የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። የኋላ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙና የመኪናው ፊት ልክ መሃሉ ላይ፣ ጠንካራ ቦታ ተመርጦ፣ በአንድ ክሪክ ይነሳል፤ ሥሩ ግን ማንም አይገባም። ፊቱ በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ አካሉን ወደየትም ጎን ማዘንበል ስለማይችል፣ የኋላው ዝንባሌ ከጠፋ ምንጩ ፊት ነበር፤ ከቀረ ኋላ ነው። ያን ጊዜ ባሌስትራው ይጠረጠር፤ በተለይ ዝርግ ብረቶቹን የሚያስረው የመሃል ቡሎን አካባቢ ስብራት ይፈለግ። ሞላ ከሆነ ታችኛው ጥምዝ ጭቃው ታጥቦ ይታይ፤ ስብራቱ መቀመጫው ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። በዚህ መሃል ሳይበድል የሚከሰሰው አሞርዛተር ነው። ሥራው የአካሉን መዝለል ማብረድ እንጂ ክብደት መሸከም ስላልሆነ፣ በአዲስ ቢለወጥ ያዘመመው አይቃናም።

ሁሉም ብረት ጤነኛ ሆኖ መኪናው ከጥገና በኋላ ሲያዘምም ደግሞ ጎሚኒውን መጠየቅ ይገባል። ጎሚኒ ከብረት ቀለበቱ ጋር የተጣበቀ ጎማ ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ጎሚኒውን የሚያስረው ቡሎን ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ይጠማዘዝና አካሉን ወደ ላይ ይገፋል። ያ ጎን ከፍ ሲል ጤነኛው ጎን የወረደ ይመስላል፤ ጎሚኒውም ያለ ዕድሜው ይቀደዳል። የጥገና መጻሕፍት እነዚህ ቡሎኖች መኪናው በአቋም ከፍታው ላይ ሳለ ይጥበቁ የሚሉት ለዚህ ነው። መድኃኒቱም አንድ ዕቃ ሳይገዙ ቡሎኑን ማላላት፣ አካሉን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች መጫንና መኪናው በእግሩ እንደቆመ መልሶ ማጥበቅ ነው።

ልምድ ያለው መካኒክ በዓይኑ ያውቀዋል የሚል ይኖራል። ዓይን ዝንባሌውን ያያል፤ ምንጩ ጎማ ይሁን ሞላ ወይም ጎሚኒ ግን ውጫዊ መልኩ አንድ ነው። ልምድ ከልኬቱ በኋላ ያለውን ፍለጋ ያሳጥራል እንጂ ልኬቱን አይተካም። የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ የመንገዳችን ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ህዳሴ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ የሚንሸራተት መሬት ላይ ያረፈ ነው፤ አስፋልቱ በየቦታው ይሰምጣል፣ ይጎብጣል። እንዲህ ያለው መንገድ ባሌስትራ ስለሚሰብር፣ አንድ ዝርግ ብረት ጨምሮ ከፍ ማድረግ አይሻልም ወይ? አይሻልም። ብዙ ፒክአፖችና ሚኒባሶች በአካላቸውና በኋላ አክስላቸው መካከል ያለውን ርቀት እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስን ቫልቭ አላቸው። አካሉ ዝቅ ሲል ቫልቩ መኪናው እንደተጫነ ቆጥሮ ግፊቱን ይጨምራል፤ ከፍ ሲል ባዶ መስሎት ይቀንሳል። ብረት ተጨምሮበት ቫልቩ ያልተስተካከለ መኪና ጭኖ ሲወርድ የኋላ ፍሬኑ በሙሉ አቅሙ አይሠራም፤ ሸክሙ በፊቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ይግላልም። ከ1000 ሜትር በላይ በሚያስወርደው በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይህ የተሳፋሪ ሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከጥገና በፊት አራት ቁጥሮች፣ ከጥገና በኋላም አራት ቁጥሮች በሥራ ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ባለመኪናው የከፈለበትን ያውቃል፤ መካኒኩም ሥራው በቁጥር ይመሰከርለታል። ቁጥሮቹ ሳይጻፉ ግን ባሌስትራው አይፈታ።